ማሰልጠን፣ ማስለመድ፣ ማደራጀት ወይስ መቅጠር? ለሰፈር ወጣቶች የተዋጣ ገንዘብ የት ቢገባ ይሻላል

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። እድሩ ጋ የተረፈ ገንዘብ ይኖራል። ወይም የድሮ የክፍል ጓደኞች ቴሌግራም ላይ ተሰባስበው ያዋጣሉ። ወይም ዲሲ ያለ የሰፈር ልጅ ይደውልና «በየወሩ የተወሰነ እልካለሁ፤ በር ላይ ለሚውሉት ልጆች አንድ ነገር አድርጉላቸው» ይላል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደስ ብሎታል። ጣጣው ስብሰባ ሲጠራ ነው። አንዱ «ስፌት እናሰልጥን» ይላል። ሌላው «ካፌ እንክፈትላቸው» ይላል። ሦስተኛው «ተደራጅተው ይበደሩ» ይላል። መጨረሻ ላይ ድምፁ ጎላ ያለው ሰው ሐሳብ ያልፋል።

እኛም ያለፍንበት ነው። ማኅበራችን ለስምንት ልጆች የስፌት ስልጠና ከፍሎ ስምንት የስፌት መኪና ገዛ። በዓመቱ የሚሠሩት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። አምስቱን አንድ አባላችን ቤት አገኘኋቸው። ላስቲካቸው እንኳ አልተነሳም። ዳንቴል ለብሰው ሳሎን ውስጥ ተደርድረዋል፤ መሀል ላይ ቴሌቪዥን ተቀምጦባቸዋል። ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ሁለቱ የታክሲ አጥተው ስልጠናውን አቋረጡ። አንዷ ልጇን የምታስቀምጥበት አጣች። ሁለቱ ደግሞ መስፋቱን በደንብ ቻሉ፤ የሚያሰፋ ሰው ግን አልመጣላቸውም።

ከዚያ ወዲህ ብር ከማውጣቴ በፊት የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉኝ። መጀመሪያ እነሱን ላስቀምጥ። ከዚያ አምስቱን መንገዶች በነሱ እንፈትናቸው።

## የትኛው ወጣት?

«ችግረኛ ወጣት» የሚባል አንድ ሰው የለም። በሀገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ሰው ነው። የመንግሥት ብድር ላይ ደግሞ ዕድሜው ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ መሀል ስንት ዓይነት ሰው አለ! እኔ ሦስቱን እለያለሁ።

አንደኛው 12ኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ያልመጣለት ነው። ቤተሰቡ ጋ ያድራል። ቁርሱን በልቶ ይወጣል። የጎደለው ሙያና «ና ግባ» የሚለው ሰው ነው።

ሁለተኛዋ ከአረብ ሀገር የተመለሰች ወይም ከክፍለ ሀገር መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ የቆየች ናት። ሥራ አስተምሯት አትሉም፤ ከእናንተ በላይ ሠርታለች። ግን ልጅ ይዛለች፣ የቤት ኪራይ አለባት፣ የሥራ ልምዷን የሚመሰክር ወረቀት የላትም።

ሦስተኛው ጎዳና ላይ ዓመታት የቆየ ነው። ማስቲሽ ስቦ ሊሆን ይችላል። መታወቂያ የለውም። መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ አምጣ ይሉታል፤ መሸኛውን ከየት ያመጣዋል? ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ቦታ መገኘት የሚባል ልማድ ከሕይወቱ ከወጣ ቆይቷል።

ለአንደኛው የሚሆነው ነገር ለሦስተኛው አይሆንም። የብዙ ማኅበር ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛውን እያሰቡ አዋጥተው ለአንደኛው የሚሆን ስልጠና ይገዛሉ።

## መለኪያዎቹ

ገቢ እስኪመጣ ልጁ ምን ይበላል? ስድስት ወር ያለ ገቢ መማር የሚችለው የሚያበላው ያለው ነው። ሊስትሮ እየሠራ ለእናቱ የሚሰጥን ልጅ «ስድስት ወር ተማር» ስትሉት፣ እናቱ ስድስት ወር ታጣለች ማለታችሁ ነው።

በዓመቱ ሥራ ላይ ላለ አንድ ልጅ ስንት ወጣ? ሪፖርት ላይ የሚጻፈው «20 ወጣቶች ሰለጠኑ» የሚለው ነው። ከ20ዎቹ በዓመቱ ሥራ ላይ ያሉት ስድስት ብቻ ከሆኑ ግን የአንዱ ወጪ መጀመሪያ ካሰባችሁት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። የሚቆጠረው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ቢከሽፍ ዕዳው የማን ነው? የእናንተ ገንዘብ ቢጠፋ ታዝናላችሁ። ልጁ ባለ ዕዳ ሆኖ ቢቀር ግን ከነበረበት ባሰ።

በየሳምንቱ የሚያየው ማነው? ስሙ ይጻፍ። «ኮሚቴው» መልስ አይደለም።

ገዢው ማነው? ልጁ የሚሠራውን ነገር ዛሬ በሰፈሩ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ ሰው አለ? በእኛ ስፌት ጊዜ ይህን ጥያቄ ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላነሳሁም።

## መንገድ አንድ፦ ለስልጠና መክፈል

ቀላሉ ይህ ነው። ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ ምረቃ ላይ ተገኝታችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። ጸጉር ሥራ፣ ምግብ ዝግጅት፣ ኤሌክትሪክ፣ ሞባይል ጥገና፣ የሚመረጠው ብዙ ነው። ለአንደኛው ዓይነት ወጣት በደንብ ይሠራል፤ በተለይ የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለው ፈተና፣ ድረስ ከወሰዳችሁት። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስለ ሕንፃው አትጠይቁ። «ካለፈው ዙር ተመራቂዎች የአምስቱን ስልክ ስጡኝ» በሉ። የሚያቅማማ ትምህርት ቤት መልሱን ሰጥቷችኋል።

ክፍያውን በአንዴ አትጨርሱ። አንድ ሦስተኛውን መግቢያ ላይ፣ አንድ ሦስተኛውን መሀል ላይ፣ የቀረውን ከሲኦሲ በኋላ። የፈተናውን ክፍያም በጀት ውስጥ ክተቱት። ስልጠና ጨርሶ ፈተናው ላይ የተንጠለጠለ ልጅ ብዙ ነው። ደግሞ ታክሲና ምሳ። ልጅ ላላት እናት የሕፃናት ማቆያ። እነዚህ «ተጨማሪ» ይመስላሉ እንጂ ስልጠናውን የሚያስጨርሱት እነሱ ናቸው።

ለሦስተኛው ዓይነት ወጣት ብቻውን አይሆንም።

## መንገድ ሁለት፦ ባለሙያ ሥር ማስገባት

ቶሎ አልልፈውም፤ ሰው የሚንቀው መንገድ ይህ ነው። ፎቶ የለው፣ ሪባን የለው። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ሜካኒኮች፣ በያጆች፣ አናጢዎች፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ የተማሩት ግን እንዲህ ነው። አንድ ባለሙያ ሥር ገብተው፣ መጀመሪያ እየጠረጉ፣ ከዚያ እያቀበሉ፣ ከዚያ እየሞከሩ።

ማኅበራችሁ እዚህ ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነገር ነው። የልጁን ምሳና ታክሲ ይከፍላል። ቱታና ጫማ ይገዛል። ለባለሙያው ደግሞ በየሦስት ወሩ፣ ልጁ የተስማማችሁበትን ነገር መሥራት ሲችል ብቻ፣ የተወሰነ ክፍያ ይሰጣል። በቃ። ማሽን አይገዛ፣ ቤት አይከራይ። ከሁሉም በላይ ገበያው አስቀድሞ አለ። ባለ ጋራዡ ደንበኛ ባይኖረው ኖሮ ጋራዡን ዘግቶ ነበር።

ቄራ አካባቢ ያለ አንድ ባለ ጋራዥ ጋ ልጅ ላስገባ ሄጄ «ጋሼ፣ ይህ ልጅ በስድስት ወር ምን ይችላል?» አልኩት። ሳቀብኝ። «መኪና ሥር ተኝቼ እጄን ስዘረጋ፣ ሳያይ 13 ቁልፍን ከ14 ለይቶ ካቀበለኝ፣ ያን ቀን መማር ጀመረ በል» አለኝ። መለኪያ ማለት ይህ ነው። ውሉ ላይ የጻፍነውም እንዲህ ያለውን ነው። በሦስት ወር፣ ቁልፎቹን በቁጥር ይለያል፣ ዘይትና ፊልትሮ ብቻውን ይቀይራል። በስድስት ወር፣ ፍሬን ሸራ አውርዶ ይገጥማል። ባለ ጋራዡ በራሱ አፍ የነገረንን ነው የጻፍነው።

አደጋውም ግልጽ ነው። ልጁ ቡና አምጪ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዓመት ሙሉ መኪና አጥቦ «ሜካኒክ ነኝ» የሚል ልጅ አይቻለሁ። ስለዚህ ልጁን ስታገኙት «እንዴት ነው ሥራ?» አትበሉት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው» ይላችኋል። «ዛሬ ምን ፈታህ?» በሉት። ሦስት ሳምንት በተከታታይ «ምንም» ካለ፣ ወይ ባለሙያውን አናግሩ ወይ ቦታ ቀይሩለት።

ሕጉንም እወቁት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። የመለማመድ ውልም በጽሑፍ መሆን አለበት። «እኛ ሰፈር እንዲህ አይደለም» የሚል ባለሙያ ይመጣል። ልጁ እጁን ቢቆርጠው የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አስገባው?» እንደሚሆን አስታውሱት። ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ።

አንድ ባለሙያ ጋ አንድ ልጅ፣ ቢበዛ ሁለት። 50 ልጅ በዚህ መንገድ ማስተናገድ ከባድ ነው። መንግሥትም በከተማ ሴፍቲኔት ፕሮጀክቱ ውስጥ ለወጣቶች የሥራ ልምምድ ክፍል ነበረው። አሁንም ካለ ወረዳችሁን ጠይቁ፤ ልጆቻችሁ የሚመዘገቡ ከሆነ ገንዘባችሁ ለሌላ ይተርፋል።

## መንገድ ሦስት፦ ማደራጀትና ማስበደር

በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም የሁሉም ሰፈር ወሬ «ተደራጁ» ሆነ። ተደራጁ። አምስት ሆነው፣ አሥር ሆነው። ብዙዎቹ የተዋወቁት ወረዳው ኮሪደር ላይ ነው። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ገንዘብ ይይዛል፣ ብድሩ ግን የሁሉም ነው። ከመለኪያዎቻችን ሦስተኛው፣ «ዕዳው የማን ነው?» የሚለው፣ እዚህ ላይ መልሱ ያስፈራል።

ይህ ማለት አይሠራም ማለት አይደለም። ኮብልስቶን ስንቱን ወጣት እንዳሠራ ሁላችንም አይተናል። ግን ለምን ሠራ? ከተማው ራሱ ገዢ ስለነበረ ነው። ድንጋዩን ጠርቦ «ማን ይገዛኛል?» ያለ ልጅ አልነበረም። ግዢው ሲቀንስ ሥራውም አብሮ ቀነሰ። ሼድ አግኝተው ብሎኬት የሚያመርቱ ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ግንባታ ሲነቃ ይነቃሉ፣ ሲሚንቶ ሲጠፋ ይቀመጣሉ።

ማደራጀት ከፈለጋችሁ አዲስ ቡድን አትፍጠሩ። ያለ ቡድን ፈልጉ። አንድ ጥግ ላይ አብረው ጫማ የሚጠርጉ ወይም መኪና የሚያጥቡ ልጆች አሉ እንበል። እቁብ አላቸው ወይ? እቁቡ ዓመት ሳይፈርስ ዞሯል ወይ? ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ልጅ እስከ መጨረሻው ከፍሏል ወይ? አዎ ከተባለ፣ በየትኛውም ቢሮ ተጽፎ ከሚመጣ የቢዝነስ ፕላን ይህ ይበልጥብኛል። እንዲህ ላለ ቡድን የውሃ ፓምፕ መግዛት ወይም ያለ ወለድ ማበደር ትርፉ ብዙ ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ዙር ከባንክ ወይም ከማይክሮ ፋይናንስ አላስበድራቸውም። መጀመሪያ የእናንተን ይመልሱ።

## መንገድ አራት፦ እነሱን የሚቀጥር ድርጅት መክፈት

«ሶሻል ኢንተርፕራይዝ» የሚለው ቃል አሁን በየስብሰባው ይሰማል። ጥቅምት 2012 ዓ.ም. የዓለም የሶሻል ኢንተርፕራይዝ ጉባኤ አዲስ አበባ ከተካሄደ ወዲህ ደግሞ የበለጠ ተለመደ። ነገሩ በቀላሉ ሲነገር፣ እንደማንኛውም ነጋዴ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚሸጥ፣ ግን የተከፈተበት ምክንያት ማኅበራዊ ችግር የሆነ ድርጅት ነው። እኛን የሚመለከተው ዓይነት፣ ማንም የማይቀጥራቸውን ልጆች የሚቀጥረው ነው።

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት እናንሳ። «ራሱን ይችላል፣ ስለዚህ መዋጮ አያስፈልገንም» ይባላል። ሎስ አንጀለስ ያለው ሆምቦይ ኢንዱስትሪስ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። አባ ግሬግ ቦይል እ.ኤ.አ. በ1988 ከወሮበላ ቡድን ለወጡ ልጆች ሥራ በመፈለግ ጀመሩት። በ1992 ዳቦ ቤት ከፈቱ። ዛሬ ካፌም ሌላም ሥራ አለው። ሆኖም የሚያኖረው ሽያጩ ብቻ አይደለም፤ የገቢው ትልቁ ድርሻ ልገሳ ነው። የሚያፍሩበት ነገር አይደለም። ልጁ እየሠራ ምክር ያገኛል፣ ከሱስ ይታከማል፣ በፍርድ ቤት ጉዳዩ የሚረዳው አለ። ይህን ሁሉ ከዳቦ ትርፍ መክፈል አይቻልም።

ሌላው ስህተት «ስም ያለው ነገር አይወድቅም» ማለት ነው። እውቁ የእንግሊዝ ሼፍ ጄሚ ኦሊቨር እ.ኤ.አ. በ2002 ለንደን ላይ «ፊፍቲን» የሚባል ምግብ ቤት ከፍቶ ሥራ ያጡ ወጣቶችን በሼፍነት ያሰለጥን ነበር። በ2019 የምግብ ቤቶቹ ድርጅት ሲከስር ፊፍቲንም አብሮ ተዘጋ። ንግዱ ሲወድቅ ልጆቹም ይወድቃሉ። ስለዚህ ካፌ ከመክፈታችሁ በፊት «ከእኛ መሀል ካፌ አስተዳድሮ አትርፎ የሚያውቅ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ አትክፈቱ። ልብ ብቻውን ማኪያቶ አይሸጥም።

ከሀገር ውስጥ ዘነበወርቅ የተጀመረውን የጫማ አምራች ሶል ሬብልስን እዩት። ቤተልሔም ጥላሁን የተነሳችው ሁላችንም ከምናውቀው በረባሶ ነው፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው። በአካባቢዋ ሥራ ያጡ ሰዎችንና በቤታቸው የሚፈትሉና የሚሸምኑ ባለሙያዎችን አየች። ጫማው ግን የተሸጠው ጫማው ስለተወደደ ነው። ለሐዘኔታ ጫማ የሚገዛ ሰው ሁለተኛ አይመለስም። ሰላም የሕፃናት መንደር ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 አሳዳጊ ላጡ ልጆች ተጀምሮ፣ ቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛና የማምረቻ ወርክሾፕ ጨመረ። ልጁ የሚማርበት ማሽን የሚሸጥ ዕቃም ይሠራበታል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንድ ተራ ካፌ አምስት ሠራተኛ ይበቃዋል እንበል። እናንተ ስምንት ትቀጥራላችሁ። አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ያረፍዳል፣ አንዱ ብርጭቆ ይሰብራል፣ አንዷ መሀል ላይ ታለቅሳለች። የእነዚያ የሦስቱ ትርፍ ሰዎች ደመወዝና ልጆቹን የሚከታተለው ሰው ደመወዝ «የማኅበራዊ ሥራ ወጪ» ነው። ለብቻው በሌላ ደብተር ይጻፍ። መዋጮው የሚሸፍነው ይህን ነው። የቀረውን ካፌው ራሱ መሸፈን አለበት። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በስድስተኛው ወር ማንም ሰው ካፌው ይክሰር ያትርፍ አያውቅም።

ልጁ የሚወጣበት ቀንም መጀመሪያ ይታወቅ። ሆምቦይ ጋ 18 ወር ነው። መውጫ ከሌለ ስምንቱ ልጆች ስምንት ዓመት ይቀመጣሉ፤ ዘጠነኛው ውጭ ሆኖ ያያል።

ስለ ዳቦ ቤት አንድ ነገር ልበል፤ ሁሉም ስብሰባ ላይ ይነሳልና። ለቁርስ የሚደርሰው ዳቦ የሚጋገረው ሌሊት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ልጆቻችሁ 16ና 17 ከሆኑ ዳቦ ቤቱ ለመሸጫው ክፍል ካልሆነ አይሆናቸውም።

ወረቀቱስ? በእኛ ሀገር «ሶሻል ኢንተርፕራይዝ» ተብሎ ለብቻው የሚሰጥ የንግድ ዓይነት የለም። ሁለት በር አለ። አንዱ እንደ ነጋዴ መግባት ነው፤ ንግድ ፈቃድ፣ ግብር፣ ሁሉም እንደ ሌላው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ ይህ በር ቀለል ብሏል። ሌላው እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መመዝገብ ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ፈቅዷል። ትርፉ ግን ለአባላት አይከፋፈልም፣ የአስተዳደር ወጪም ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም። መዋጮና የውጭ እርዳታ ዋና ገቢያችሁ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል። ሽያጩ ዋና ከሆነ የመጀመሪያው።

## መንገድ አምስት፦ ላለው ድርጅት መስጠት

አንዳንዴ የሚሻለው ምንም አለመክፈት ነው። ዕድሜው ከ15 በታች ለሆነ የጎዳና ልጅ በተለይ። እሱ የሚያስፈልገው ሥራ ሳይሆን መጠለያ፣ ትምህርት፣ ከተቻለም ወደ ቤተሰቡ መመለስ ነው፤ ይህ ደግሞ የሰለጠነ ሰው ሥራ ነው። ሆፕ ኢንተርፕራይዝ ለረጅም ዓመታት የሠራበትን የምግብ ኩፖን ብዙ አዲስ አበቤ ያውቀዋል። ለለማኙ ብር ከመስጠት ኩፖን ትሰጡታላችሁ፣ ሄዶ ይበላል።

ከመስጠታችሁ በፊት ማንኛውንም ድርጅት ይህን ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ከወጡት ልጆች የት እንዳሉ የምታውቁት ስንቶቹን ነው? «ሁሉም ጥሩ ናቸው» ካሉ ወደ ሌላ ሂዱ። «ከዚህ ያህሉ ይህን ያህሉ ጠፍተውብናል» የሚል ድርጅት የሚከታተል ድርጅት ነው።

## ባጭሩ ሲታይ

| መንገዱ | ለማን ይበጃል | ገቢ እስኪመጣ | የሚጠይቀው ገንዘብ | ቢከሽፍ የሚጎዳው | ክትትል |
|---|---|---|---|---|---|
| ስልጠና መክፈል | የሚያበላው ቤተሰብ ላለው | ወራት፣ ሥራ ካገኘ | መካከለኛ | የእናንተ ገንዘብ፣ የልጁ ጊዜ | ትንሽ ይመስላል፣ ከምረቃ በኋላ ይበዛል |
| ባለሙያ ሥር | ለአንደኛውና ለሁለተኛዋ ዓይነት፣ ከደጋፊ ጋር ለሦስተኛውም | ከመጀመሪያው ቀን ምሳና ታክሲ አለ | ዝቅተኛ | ብዙም የለም፤ ቦታ ይቀየራል | በየሳምንቱ አንድ ሰው |
| ማደራጀትና ብድር | አብሮ ሠርቶ ለሚተማመን ቡድን | ገዢ ካለ ቶሎ | መካከለኛ፣ ተመላሽ | ልጆቹ፤ ዕዳ ይቀርባቸዋል | በየወሩ ሂሳብ |
| የራስ ድርጅት | ሌላ ማንም ለማይቀጥረው | ከመጀመሪያው ወር | በጣም ከፍተኛ | ሁሉም | በየቀኑ፣ ደመወዝተኛ ሰው |
| ላለ ድርጅት መስጠት | ከ15 በታች ለሆኑ፣ ለሱስ፣ ለመጠለያ | አይመለከተውም | እንደ አቅም | የእናንተ ገንዘብ | በዓመት ሁለት ጊዜ ጥያቄ |

## እናንተ የትኛው ናችሁ?

ብር ብዬ አልጽፍም፤ ዋጋው ይህን እስክታነቡ ይቀየራል። «የአንድ ልጅ የዓመት ምሳና ታክሲ»ን እንደ መስፈሪያ ያዙት።

ያላችሁ ከሦስት እስከ አምስት ልጅ የሚያዘልቅ ከሆነ አታመንቱ፤ ባለሙያ ሥር አስገቡ። ሌላ ምንም አትጀምሩ። ብዙ እድርና የክፍል ጓደኞች ማኅበር እዚህ ላይ ነው ያለው፣ እኛንም ጨምሮ።

ለ15 ወይም 20 ልጅ የሚበቃ ካላችሁ ከፋፍሉት። አሥሩን ባለሙያ ሥር፣ ጥቂቱን ጥሩ ትምህርት ቤት ከነሲኦሲው። የቀረው ግማሽ ቀን እየሠራ ልጆቹን ለሚከታተል ሰው ደመወዝ ይሁን። የሚከታተለው ሰው ከሰፈሩ ቢሆን ይመረጣል። እኛ ሰፈር እትዬ የምንላቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ከማንም በላይ ልጆቹን ያውቃሉ። ስልክ አይደውሉም፤ ቤት ድረስ ሄደው «ልጄ፣ ትናንት ለምን ቀረህ?» ይላሉ።

ካፌ ወይም ወርክሾፕ የሚያክል ገንዘብ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ያንን ንግድ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፣ ከዚያ የሁለት ዓመት የማኅበራዊ ሥራ ወጪ ባንክ አስቀምጡ፣ ከዚያ ቁልፍ ተቀበሉ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን የሚሻል ሐሳብ አለኝ። በደንብ የሚሠራ ካፌ ያለው ሰው ጋ ሄዳችሁ «ሁለት ልጅ ቅጠርልን፣ የመጀመሪያውን ስድስት ወር ግማሽ ደመወዝ እኛ እንችላለን» በሉት። የሙከራ ጊዜው በሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ከወደዳቸው ያቆያቸዋል።

ውጭ ሀገር ያላችሁ ደግሞ አንድ ጊዜ ብዙ ከመላክ ትንሽ በየወሩ ላኩ። ማሽን ገዝታችሁ አትላኩ። መለዋወጫው እዚህ የለም፣ ጉምሩኩ ሌላ ታሪክ ነው። በበዓል ስትመጡ ልጁን የሚሠራበት ቦታ ሄዳችሁ እዩት እንጂ ሆቴል አትጥሩት።

መሥሪያ ቤት ወይም ኩባንያ ከሆናችሁ ገንዘብ አትስጡ፤ ግዙ። የሠራተኛ ቱታ የምታሰፉት፣ ሻይና ዳቦ የምታዙት ከማን ነው? ለአንድ የወጣቶች ቡድን የዓመት ትዕዛዝ መስጠት ከአንድ ቀን ልገሳ ይበልጣል። ክፍያ ግን አታዘግዩ። በ90 ቀን የሚከፍል ደንበኛ ትንሽ ድርጅት ይገድላል።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ሳምንት ስጡት። አንድ ደብተር ይዛችሁ ሰፈራችሁን ዙሩ። ጋራዡን፣ ብየዳ ቤቱን፣ ጸጉር ቤቱን፣ ልብስ ሰፊውን። «ረዳት ትፈልጋለህ? የመጨረሻው ረዳትህ ለምን ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። እኛ ስንዞር አንዲት ልብስ ሰፊ «ረዳት እፈልጋለሁ፣ መኪናዬ ግን አንድ ነው» አለችን። ከአምስቱ መኪናዎች አንዱን ዳንቴሉን ገፍፈን በውሰት ሰጠናት፤ ከነዚያ መስፋት ከቻሉት ሁለት ልጆች አንዷ አሁን እሷ ጋ ትሠራለች። አራቱ አሁንም ቴሌቪዥን ተሸክመዋል። ልጅ የሚያለማምድ ልብስ ሰፊ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙን።